የለገሃር ግራ መስመር

ሙጠሊብ በዕድሜው ሙሉ አንድ ኳስ እንኳ አስተካክሎ መትቶ አያውቅም። ይህን የሚክድ ሰው ቢኖር ራሱ ሙጠሊብ ብቻ ነው። ድሬዳዋ ልጅ ሳለ የመታት ኳስ ሁሉ የምታርፈው ሰው ቤት ጣሪያ ላይ ነበር፤ አባቱ ጅቡቲ አምጥተውት ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ሲከፍቱም እግሩ አልታረመም። ያም ሆኖ በሰፈሩ ስለ ኳስ ከእሱ በላይ የሚጮህ አልነበረም። ሳምንቱን ሽርጥና ሻሽ ሲለካ ሰንብቶ፣ ዓርብ ፀሐይዋ በረድ ስትል ሱቁን ይዘጋና ሜዳው ዳር ይቆማል። ዳኛውን በፈረንሳይኛ ይለማመጣል፣ የተጋጣሚን ልጆች በሶማሊኛ ይነካካል፣ የራሱን ልጆች በአማርኛ ይሳደባል። ከራሱ ጋር ሲጣላ ደግሞ በእናቱ ሐረሪኛ ነው።

ቡድኑን ያቋቋመው እሱ ነው። ለገሃር ያለውም የድሬዳዋንና የጅቡቲን ባቡር ጣቢያ በአንድ ስም ለመጥራት ብሎ ነው። ተጫዋቾቹ የነጋዴ ልጆችና የወደብ ሠራተኞች ናቸው። ማሊያው ከሱቁ በተረፈ አረንጓዴ ጨርቅ ተሰፍቶ፣ ቁጥሩን ሚስቱ ነጅማ በእጇ ጠለፈችው። በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙን ስለለቀቀ የባልባላ ሰፈር ልጆች «የተቀቀለ ጎመን» ይሏቸዋል። ሙጠሊብ ግን ጨርቁ የዱባይ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከራል።

አንድ ልማድ ነበረው። ተጫዋች ሲቀይር፣ የሚወጣውን ልጅ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ መስመሩ ላይ ይጠብቀዋል። እያጠጣ ይሰድበዋል፤ ሰድቦ ሲጨርስ ራሱን ያሸዋል። ልጆቹም ስድቡን ከውሃው ጋር ለምደውት ነበር።

ልጁ ሳቢት በእግር አባቱን አልወጣም፤ አላህ አዝኖለታል። በግራ እግሩ ነበር የሚመታው። አስራ አንድ ቁጥር ለብሶ የግራውን መስመር ይዞ ሲሮጥ ሙጠሊብ መሳደቡን ትቶ ዝም ብሎ ያየው ነበር። የቡድኑ አምበል ሙሰዲቅ ከሳቢት ጋር አንድ ግቢ ያደገ ልጅ ነው። መሃል ሜዳ ላይ ኳስ ሲያገኝ ቀና ብሎ እንኳ አያይም፤ ዝም ብሎ ወደ ግራ ይልካታል፣ ሳቢትም እዚያ አለ። «አይተህ አቀብል! ዓይን ምን ሊሠራልህ ነው የተሰጠህ?» ይለዋል ሙጠሊብ። ኳሷ ግን አንድም ቀን ሰው አጥታ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት አሊ ሳቢህ ከተማ ተጫውተው ሲመለሱ የተሳፈሩባት ሚኒባስ ተገለበጠች። ሙጠሊብ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ፤ ሙሰዲቅ እግሩ ተጎድቶ ተረፈ። አራት ልጆች ሞቱ። አንዱ ሳቢት ነው።

ለተዕዚያ፣ ልቅሶ ለመድረስ፣ ሰው ጎረፈ። «አላህ ሶብር ይስጥህ» ላለው ሁሉ ሙጠሊብ አሜን አለ። «አላህ ይተካልህ» ላለው ግን አሜን ማለት አቃተው። ቃሉን ያውቀዋል፤ ልጅ ለሞተበት የሚባል ነው፤ እሱም ለስንቱ ሰው ብሎታል። አሁን ግን ጆሮው የሚሰማው የሜዳውን መተካት ሆነ። አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይገባል። የገባው ይሮጣል፣ የወጣው ውሃ ይጠጣል። ሳቢት በምን ይተካል? በማን? ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ውስጡ ግን በገነ። ከዚያ ወዲያ የልጁን ስም ጠርቶ አያውቅም። ነጅማ ስትጠራበት እንኳ ተነስቶ ይወጣ ነበር፤ እሷም ብቻዋን ማልቀስ ለመደች።

ሜዳው ለብዙ ወራት የፍየልና የፌስታል መዋያ ሆኖ ከረመ። በመጨረሻ ሙሰዲቅ ትንሽ እያነከሰ ሱቁ መጣ።

«ኮች፣ እንጫወት» አለው። «ቤት መቀመጡ ሊገድለን ነው።»

ሙጠሊብ እሺ አለ። እሺ ያለበትን ምክንያት ራሱም አያውቀውም፤ ምናልባት የሱቁ ዝምታ እሱንም ገድሎት ይሆናል።

የሟቾቹ እናቶች የልጆቻቸውን ማሊያ አንድ በአንድ መለሱ። የመጀመሪያዋ ሳምቡሳ ሻጯ ሐዲጃ ነበረች። ልጇ ዘይድ በረኛው ነበር። ማሊያውን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ አመጣችው። «ልጅ ይልበሰው» አለች፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ሙጠሊብ በሁለት እጁ ተቀብሎ ለአዲሱ በረኛ ሰጠው። ሦስቱ ማሊያዎች ሰው አገኙ። አስራ አንድ ቁጥር ግን ከሙጠሊብ ቦርሳ አልወጣም።

ሙሰዲቅ ሰው ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም። ነፃ የንግድ ቀጠናው መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ መሳፍንት የሚባል ጎልማሳ አመጣ፤ በግራ እግሩ ይመታል፣ ይሮጣል፣ አፍም የለው። ሙጠሊብ ልምምዱን ካየ በኋላ «ጎበዝ ነው፣ ይቀመጥ» አለ። ሌላ ቁጥር ይሰፋለት ቢሉትም አልሰማም። ቁጥሩ አልነበረም ያስጨነቀው፤ ያ መስመር ላይ ሰው ሲሮጥ ማየቱ ነው። ለገሃር አስር ሆኖ ገባ፣ ተሸነፈ። በሚቀጥለውም ዓርብ አስር ሆኖ ገባ፣ ተሸነፈ። የሌሎቹን እናቶች ልጆች ተክቶ የራሱን ለመተካት እምቢ ማለቱን ያላስተዋለ ተጫዋች አልነበረም። የሚናገር ግን ጠፋ።

በሦስተኛው ዓርብ፣ ከባልባላ ልጆች ጋር ሊጋጠሙ ጫማ ሲያስሩ፣ ሙሰዲቅ ወደ ጎን ወሰደው።

«ኮች፣ ዛሬም አስር ሆነን ከወጣን ልጆቹ አይመለሱም። ነግረውኛል። ለገሃር አለቀለት ማለት ነው።»

«ይጫወቱ» አለ ሙጠሊብ፣ ወደ ወደቡ ክሬኖች እያየ።

«አስር ሆነው?»

ሙጠሊብ ቦርሳውን አንስቶ ወደ መስመሩ ሄደ። መሳፍንት አግዳሚው ላይ እጁን በጉልበቱ መሃል አድርጎ ተቀምጦ ነበር፤ ቀና አላለም።

ጨዋታው ተጀመረ። ሙጠሊብ እንደ ሁልጊዜው በግራው መስመር በኩል ቆመ። ሙሰዲቅ መሃል ላይ የመጀመሪያዋን ኳስ አገኘ፣ ቀና ብሎ ሳያይ ወደ ግራ ላካት። ኳሷ ሰው በሌለበት አቧራ ላይ ተንከባልላ ከመስመር ወጣችና ሙጠሊብ እግር ሥር ቆመች። ሙሰዲቅ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያንኑ አደረገ። ከባልባላ ከመጡት ደጋፊዎች አንዱ «ለጂኒ ነው እንዴ የሚያቀብለው?» ብሎ ጮኸ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። የሰፈሩ ሰው ግን አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ነገሯቸው፤ ከዚያ በኋላ ከዚያ ወገን ድምፅ አልተሰማም።

ከእረፍት በኋላ ኳሷ ለሦስተኛ ጊዜ ሙጠሊብ እግር ሥር መጥታ ቆመች። ሐዲጃ ከጎኑ በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ነበር። ጨዋታ በመጣ ቁጥር ትመጣለች፤ የምታየው ግን በረኛውን ብቻ ነው።

«ሙጠሊብ፣ እኔ ኳስ አላውቅም» አለችው። «ይሄ ልጅ ለማን ነው የሚሰጠው?»

ሙጠሊብ ኳሷን አንስቶ አቀፋት። ዳኛው ከሩቅ በእጁ መልስ እያለው ነው። 

«ለሳቢት» አለ።

 ኳሷን ወረወረላቸውና ሐዲጃ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ያንን በረኛ የዘይድን ማሊያ ስታለብሰው አየሁ» አለች፣ ዓይኗን ከጎሉ ሳትነቅል። «ቤቴ ገብቼ ነው ያለቀስኩት፣ እንዳትሰማኝ ብዬ። በልጄ ቦታ ሌላ ልጅ አገኛለሁ ብዬ አልሰጠሁህም። የኔ ልጅ አንድ ነበር። ግን ዘይድ ያንን ጎል ባዶ ትቶት ሄዶ አያውቅም። ባዶ ሆኖ ማየቱ ባሰብኝ።» ወደ እሱ ዞረች። «ያንተ አይብስብህም?»

ቁጣ የለበትም አነጋገሯ። ቁጣ ቢኖርበት ኖሮ ሙጠሊብ መልስ አያጣም ነበር። አፈረ። የሦስት እናቶችን ማሊያ በሁለት እጁ ተቀብሎ የራሱን ቦርሳ ውስጥ ደብቆ መቆየቱ ያን ጊዜ ታየው። ከመሬት ተነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፣ የቦርሳውን ዚፕ ከፈተ።

«መሳፍንት» አለ።

ሰውየው መጥቶ የተዘረጋለትን ማሊያ አየና እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «ጋሼ፣ ቁጥር የሌለው ካለ እሱን ልልበስ። ይሄ ይከብደኛል።»

«ይከብዳል» አለ ሙጠሊብ። «ልበሰው።»

ኳሷ ከሜዳ ስትወጣ ዳኛው ወደ መስመሩ መጣ። ዓርብ ዓርብ የሚያጫውት የቢሮ ሰው ነው፤ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር ነው የሚሠራው፣ ደንብ ይወዳል፣ የሰፈሩን ታሪክ ግን አያውቅም። ለገሃሮች ሲጀምሩም አስር መሆናቸውን የረሳ ይመስላል። ማሊያ የለበሰውን መሳፍንትን አየና በፈረንሳይኛ ጠየቀ፦

«የሚወጣው ማን ነው?»

ዳኛ ሲለማመጥ የኖረበት ፈረንሳይኛ ሙጠሊብን ጥሎት ጠፋ። በአማርኛ መለሰ።

«ወጥቷል» አለ።

ዳኛው አልገባውም። ሙሰዲቅን ምን አለ በሚል ዓይን አየው። ሙሰዲቅ ሊተረጉም አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ቆይቶ ዳኛው ጆሮ ሥር ጥቂት ቃላት ተናገረ። ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አወረደ፤ ሙጠሊብን አየው፤ ከዚያ ለመሳፍንት በእጁ ግባ አለው።

መሳፍንት እየሮጠ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሙሰዲቅ መሃል ላይ ኳስ አገኘና እንደ ልማዱ ቀና ሳይል ወደ ግራ ላካት። ሙጠሊብ ሊያቆማት እግሩን ዘረጋ። ኳሷ አልመጣችም። መሳፍንት ተቀብሏት መስመሩን ይዞ ሮጠ። ሰፈሩ ጮኸ፤ ሐዲጃም ሳታውቀው ከጀሪካኑ ተነሳች።

ሙጠሊብ ግን ወደ እነሱ አላየም። እጁን ነበር የሚያየው። ማሊያውን ከቦርሳ ሲያወጣ፣ ሳያስበው፣ እንደ ልማዱ የውሃውን ጠርሙስም አውጥቶ ኖሯል። ክዳኑን ከፍቶ፣ መስመሩ ላይ ቆሞ፣ የሚወጣውን ልጅ እየጠበቀ ነበር።