ዘግይቶ ግራና የደረሰ ውጤት

ብዙነሽ ሥራ የጀመረችው መርሳ ጤና ጣቢያ፣ የወባ ደም በማይክሮስኮፕ በማየት ነው። ኋላ ወልድያ ውስጥ የአንድ የግል ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆነች። ሐኪሞቹ "ብዙነሽ ካየችው አይደገምም" ይሉላት ነበር፤ እሷም ሲሉላት ደስ ይላት ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ወረፋው ቢበዛ ራሷ ደም ልትቀዳ ተቀመጠች። ከድጃ የምትባል የግራና ልጅ ለጋብቻ ምርመራ መጥታለች፤ ከጎኗ ገበየሁ የሚባል የማታውቀው ሹፌር፣ ከሐራ ለራሱ ምርመራ መጥቶ ተቀምጧል። ብዙነሽ የሁለቱንም ደም ስም ሳትጽፍበት አስቀመጠችና ወረፋው ጋብ ሲል በግምት ጻፈችበት። ከድጃ የጉበት ቫይረስ አለብሽ ተባለች። ገበየሁ ነፃ ነህ ተብሎ ሄደ።

"ሲስተር፣ እባክዎ ይደገምልኝ። እኔ ምንም አላመመኝም" ብላ ከድጃ ለመነቻት።

"የእኔ እህት፣ ያለቀ ነገር ነው።"

ከወራት በኋላ ገበየሁ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ተመለሰ። ደሙ ሲታይ ቫይረሱ ተገኘበት። "ያኔ ነፃ ብለነው አልነበር?" አለች ባልደረባዋ ሊዲያ። ብዙነሽ ያን ቀን ከጎኑ ማን እንደነበረች ትዝ ሲላት የድሮውን መዝገብ አውጥታ የከድጃን ስልክ ፈለገች።

ለከድጃ ብትደውል ስልኩ ዝግ ነው። ግራና ሩቅ አገር አልነበረም፤ በሚኒባስ መርሳ ወርዶ ሌላ መኪና መያዝ ነው። የላቦራቶሪው ባለቤት ምን ይለኛል፣ ሐኪሞቹስ እያለች፣ ዛሬ ነገ ስትል ክረምቱ ወጣ።

በመጨረሻ ሄደች። የከድጃን አባት፣ አቶ እንድሪስን፣ ማሽላቸው ዳር አግኝታ ቆማ ነገረቻቸው።

"እጮኛዋ ተዋት" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። "ሰው ሁሉ ሸሸኝ ብላ በጅቡቲ ወጣች። አልሐምዱሊላህ፣ ጅዳ ገብታለች።"

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔን ሳይሆን እሷን ነው" ብለው ደወሉላት።

ብዙነሽ የሁለቱን ደም ስም እንዳቀያየረች ነገረቻት።

"አውቄዋለሁ፣ ሲስተር" አለች ከድጃ። "እዚህ መርምረውኝ ነፃ ነሽ ብለውኛል። ግን ጓደኛዬ ብቻሽን አትሄጂም ብላ ተከትላኝ ወጥታ ነበር፤ ጀልባው ሲገለበጥ ባሕር በላት። እሷን ማን ይመልሳታል?"

"ምን ላድርግልሽ?" አለች ብዙነሽ።

"መርሳ ለእጮኛዬ ቤት ይንገሩልኝ። ስሜ እንኳ ይጥራ።"

በዚያው ቀን መርሳ ወርዳ ነገረች። ልጁ ሌላ አግብቷል፤ እናቱ ሰምተው አለቀሱ። በማግስቱ ለላቦራቶሪው ባለቤት ተናዘዘች፤ ከኃላፊነቷ ተነስታ በሊዲያ ሥር ትሠራለች።

አቶ እንድሪስ አንድ ጊዜ ባሕር የበላት ልጅ እናት ቤት ይዘዋት ሄደው ነበር። ሴትዮዋ ከጓሮ "ማነው?" ሲሉ ብዙነሽ ከአጥሩ ተመለሰች። ሽማግሌው ልትጠይቃቸው ግራና በመጣች ቁጥር "ዛሬስ ትገቢያለሽ?" ይሏታል። እስካሁን አልገባችም።