የተዋናዩ ትርፍ ሳቅ

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው መጋቢት፣ ቶሮንቶ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅ ጆሮዬን አቁሜ ማዳመጥ አመል ሆኖብኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኖርዝ ዮርክ ከሚባለው ሰፈር ነጭ ምርኩዝ የያዙ ፈረንጅ ባልቴት አሳፈርኩ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ብሉር ጎዳና ላይ ወዳለ አንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት ውሰደኝ አሉኝ።

«ካላዩ ሲኒማ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው፤ አፌ አያርፍም።

ሳቁ። አበቁ ስል ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው አንዲት ትርፍ ሳቅ ጨመሩ። «አባቴን ልሰማው ነው» አሉ።

አባታቸው ፊልም መናገር በጀመረበት ዘመን ተዋናይ ነበሩ። ድምፅ ባልነበረው ፊልም መልካቸው አብልቷቸዋል። ድምፅ ሲመጣ አንድ ፊልም ብቻ ሠርተው ቀሩ፤ የሞቱትም ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው። እናትየው ግን «የሚናገረው አባትሽ አይደለም፤ አነጋገሩ የባዕድ ስለሆነ ሌላ ሰው ከካሜራው ጀርባ ቆሞ ተናግሮለታል» ይሉ ነበር። እውነት ይሁን ቂም ሴትየዋ አላወቁም። አብራቸው ልትገባ የነበረች ጎረቤታቸው ደግሞ ታማለች።

«አንተ ግባና አፉን እይልኝ» አሉኝ።

«ይሄማ ሥራዬ ነበር! ልጅ ሆኜ ፊልም አይቼ ለሰፈሩ ልጆች የምተርከው እኔ ነበርኩ። ቅመምም ጣል አደርግበት ነበር።»

«ለእኔ ምንም እንዳትጨምር።»

ቀጣዩን ተሳፋሪ ሰርዤ ታክሲዋን አቆምኩ፤ ክንዴን ይዘው ገባን። በጆሯቸው እያንሾካሾክሁ መተረክ ጀመርኩ። ከኋላ «እሽሽ!» ተባልኩ።

አባትየው ዘናጭ ናቸው። ግን ሲናገሩ አንዴ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ አንዴ ስኒ አፋቸው ላይ ይደግናሉ። ፊታቸው ሲታይ ደግሞ ከንፈራቸው ተዘግቶ ድምፁ ይቀጥላል። ያ ቅመሜ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። «የእሳቸው ነው» ብል ማን ያውቅብኛል?

«ማዘር፣ ድምፁ የእሳቸው አይደለም» አልኩ።

ክንዴን ለቀቁት። ምርኩዛቸውን ፈልገው ሊነሱ ሲሉ፣ ፊልሙ ላይ አንድ ውሻ ከግብዣው ጠረጴዛ ላይ የተጠበሰ ዶሮ ይዞ እብስ አለ። አባትየው ወደ ካሜራው ዞረው፣ አፋቸውን በልቅጠው ሳቁ። አበቁ ስል ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው አንዲት ትርፍ ሳቅ ጨመሩ።

«ይሄኛው የራሳቸው ነው! አፋቸውም ድምፁም አንድ ላይ ነው! ደግሞ ሳቁ የእርስዎ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ባልቴቷ እንባቸው ወረደ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ፣ ከነትርፏ። ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ መልሶ ፊልሙን አየ።

ማታ ሚስቴ «ሙቪ ልታይ ነው ትሪፕ ካንስል ያደረግከው?» ብላ ጠመደችኝ። ስነግራት ግን «እስቲ ሳቃቸውን አሰማኝ» አለች።

አሁንም ሳስበው ይገርመኛል፣ ደስም ይለኛል። እኔም አባቴን ያጣሁት ሳላውቀው ነው፤ ድምፁን የያዘ ካሴት እንኳ የለንም። ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ደውዬ፣ አባዬ ሲስቅ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኋት።

«ምን ይጠየቃል!» አለችኝ። «ስትስቅ ራስህን አትሰማም እንዴ?»