ቀይ የጫማ ማሰሪያ

ኮርማዎች በጠባቡ መንገድ ተለቀው ሰዎች ከፊታቸው በሚሮጡበት የበዓል ማለዳ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ አንድ አዛውንት ከሯጮች መዝጋቢዋ ፊት ቆሙ። ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል፤ ጢማቸውን ሠርግ እንደተጠራ ሰው ሙልጭ አድርገው ተላጭተዋል። እግራቸው ላይ ያጠለቁት ግን ቀይ ማሰሪያ ያለው የጎረምሳ ጫማ ነው፤ ቢሰፋቸው ጋዜጣ ጠቅጥቀውበታል።

«አባባ፣ የተመልካች ወረፋ በወዲያ በኩል ነው!» አለ አንዱ ሯጭ ከኋላ። ወረፋው ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ቅጹን በዝግታ ሞሉ።

መዝጋቢዋ «አደጋ ቢደርስ የሚደወልበት ቁጥር» ከሚለው መስመር ስትደርስ ክው አለች። ቁጥሩን ታውቀዋለች። አምና በዚሁ ቀን ባለ ቀይ ማሰሪያ ጫማ ያደረገ ወጣት በቀንድ ተወግቶ ሲሞት፣ የደወለችው እሷ ናት። ስልኩን ያነሱትም እኚሁ አባት ነበሩ።

«አባቴ፣ ይሄ የራስዎ ስልክ አይደለም እንዴ?»

«የቤት ነው፣ ልጄ። ዘንድሮ እናቱ ታነሳለች።»

«እናቱ ለመሮጥ መምጣትዎን ያውቃሉ?»

«የልጁን ዕቃ ልረከብ የመጣሁ ነው የሚመስላት።»

መዝጋቢዋ የመሮጫ ፈቃዱን ማኅተም መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበትና የጠረጴዛዋን ስልክ ወደ እሳቸው ገፋች። «እኔ እዚያ ቤት ሁለተኛ መርዶ አልናገርም። መሮጥዎ ካልቀረ አስቀድመው ራስዎ ይንገሯቸው።»

አዛውንቱ ደወሉ።

«ዕቃውን አገኘኸው?» አለ የሴት ድምፅ፣ ገና ሃሎ ሳይሉ።

«ጫማው ብቻ ነው የተገኘው» አሉና፣ ጎንበስ ብለው ቀዩን ማሰሪያ ይፈቱ ጀመር።