አያቴ ወተት የምትገዛበት ቤት

አያቴ ባሪያ እንደነበረች ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ቤታችን ውስጥ ቃሉ አይነሳም ነበር። ነፋስ ስልክ ባለችው ጠባብ ቤታችን አባቴን «እማማ አገሯ የት ነው?» ስንለው «ሩቅ ነው» ብሎ ያልፈናል። አያቴም ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበራትም። ትምህርቴን ጨርሼ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ከተቀጠርኩ በኋላ ግን፣ አንድ ቅዳሜ ልብስ አብረን እያጠብን ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቃት ጀመረችልኝ። ዕድሜዋ እየገፋ ነበር። የተወሰደችባትን ልጇን አብሯት የሚፈልግ ሰው ያስፈለጋት ይመስለኛል።

የተወለደችው ከፋ ነው። በልጅነቷ ባሪያ ፈንጋዮች ይዘዋት ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠች ሸዋ ደረሰች፤ አንድ ባላባት ገዛት። ስሟን እዚያ ቀየሩት። የድሮውን ታስታውሰው እንደሆነ ስጠይቃት «ጠፍቶኛል» አለችኝና ልብሱን ማሸቷን ቀጠለች። እዚያው ግቢ እንደሷው ከተገዛ አንድ ሰው ሁለት ልጆች ወለደች። የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ሁለተኛው አባቴ ነው። ሰውየው አባቴ ሳይወለድ ታሞ ሞተ። ከዚያ የጌትየው ልጅ ተዳረች። አባቴ ገና ጡት ላይ ነበር፤ እህቱ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ከከብቱና ከልብሱ ጋር እሷም ለሙሽሪት ተሰጠች።

ልጅቷን የወሰዷት ዕለት ምን እንደሆነ ግን ያን ቀን አልነገረችኝም። እሱን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ጣሊያን ሲገባ ጌትየው ዘምቶ በዚያው ቀረ፤ ባሪያዎቹም ነፃ ናችሁ ተባሉ። ሌሎቹ ወዴት እንሂድ ብለው እዚያው ሲሰነብቱ፣ አያቴ አባቴን አዝላ ሙሽሪት ወደሄደችበት አገር በእግሯ ወጣች። ስትደርስ ቤቱ ተቃጥሏል። ሰዎቹ አዲስ አበባ ገብተዋል አሏት። አዲስ አበባ ስትደርስ ደግሞ አንድ ሰው፣ የሙሽሪት ባል የነፋስ ስልኩ ጣቢያ አካባቢ ቦታ አለው አላት። እዚያም ስትደርስ እንዲህ ያለ ሰው የሚያውቅ አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ የምትሄድበት ስላልነበራት እዚያው ቀረች። እኛ የነፋስ ስልክ ልጆች የሆንነው በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃ እየቀዳች፣ የሰው ልብስ እያጠበች አባቴን አሳደገችው። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ትጠይቅ ነበር፤ በንግሥ፣ በለቅሶ፣ በገበያ። አባቴ ንግሥ የማይወደው ከዚያ ተነስቶ እንደሆነ ነግሮኛል። የሌላው ልጅ ሲጫወት እሱ ቀሚሷን ይዞ ከሰው ወደ ሰው ይጎተታል። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ልጅቷ ልጆች ልትወልድ በምትችልበት ዕድሜ እንኳን፣ የአያቴ ዓይን የሚከተለው ትንንሽ ሴት ልጆችን ነበር። መንገድ ላይ አብሬያት ስሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልጇ ማደጓን ታውቃለች፤ ግን ዓይኗን መከልከል አልቻለችም።

ወሬው የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ ፀሐይ የሚሞቁ አሮጊቶች መሃል፣ አንዲት የቀድሞ ወጥ ቤት ሠራተኛ ተገኘች። ሙሽሪት ቤት ነበር የሠራችው። እመቤቲቱ ሞታለች አለች። ልጅቷ ግን አድጋ፣ ከቤቱ ወጥታ፣ ላፍቶ አንድ ገበሬ አግብታለች፤ ስሟን ለውጣለች፤ ላም አርብታ ወተት ትሸጣለች።

ላፍቶ ከኛ ቤት በእግር የሚኬድበት ነው። አያቴ ይህን ሰምታ ስትመጣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ዋለች። አባቴ ያኔ መኪና ይነዳ ስለነበር ክፍለ ሀገር ነበር። እሱ እስኪመጣ እንጠብቅ ብላት እሺ አላለችም። በማግስቱ እሑድ፣ ለሰበብ ባዶ ጠርሙስ ይዘን፣ እኔና እሷ ሄድን።

ያኔ ላፍቶ እርሻ ነበር። ጤፉ ታጭዶ ነዶው ሜዳው ላይ ተከምሯል። የቁልቋል አጥር ያለውን ቤት አንድ ሰው ጠቆመን። ሴትየዋ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ወተት እየለካች ነበር፤ በግራ እጇ። አባቴም ግራኝ ነው፤ እኔም ነኝ። አያቴ ክንዴን ያዘችኝ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችን፤ ከዚያ አያቴን ብቻ አየቻት፤ ረጅም ጊዜ።

አያቴ ብዙ ዓመት ስታዘጋጅ የኖረችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት መሰለኝ። የጌትየውን አገር ጠራች፣ የሙሽሪትን ስም ጠራች፣ «እዚያ ቤት አልነበርሽም ወይ ልጄ?» አለቻት።

ሴትየዋ መለኪያውን አስቀመጠች። «ተሳስተዋል እማማ» አለች። «እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

ከዚያ የያዝነውን ጠርሙስ ተቀብላ ወተት ሞላችልን። ባሏ ከብቶቹ ጋ ሆኖ ማን እንደሆንን ጠየቃት፤ ደንበኞች ናቸው አለችው። እስከ አጥሩ በር ሸኘችን። እዚያ ስንደርስ ወደ ኋላዋ አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለአያቴ ነገረቻት።

«ሴት ልጄ ታጭታለች። የልጁ ዘመዶች ሽማግሌ ልከው ዘራችንን እየጠየቁ ነው።»

አያቴ ገባት። እኔ ግን ቶሎ አልገባኝም፤ እንዲያውም ልናገር አፌን ስከፍት እጄን ጨመቀችኝ።

«ወተት ልገዛ ነው የመጣሁት» አለች አያቴ። «ነገም ልምጣ?»

«ይምጡ። ወተት አለ።»

አባቴ ሲመለስ ነገርነው። ተነስቶ ሊሄድ ጫማውን አሰረ። እህቱ ናት፤ መልኳን አያስታውስም፤ ግን ልጅነቱን በሙሉ እሷን ፍለጋ ሲጎተት ነው ያሳለፈው። አያቴ በር ላይ ቆመችበት። የታጨችው ልጇ ትዳር፣ ከዚያ በኋላ እናያለን አለችው። በእኔ ሞት ብላ አስማለችው። አባቴ እናቱን እንቢ ብሎ አያውቅም።

ልጅቷ ተዳረች። ከሠርጉ በኋላም ቃሉ አልወጣም። አንዱ ምክንያት ሲያልቅ ሌላው ይተካ ነበር፤ ሌሎቹ ልጆች አሉ፣ ባልየው አለ፣ ጎረቤት አለ። ሰው ያኔ ዘር ሲቆጥር ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን፤ ዛሬም የሚለው አለ። አያቴ በየማለዳው ጠርሙሷን ይዛ ላፍቶ ትወርዳለች። ሴትየዋ «እንዴት አደሩ እማማ» ትላታለች፤ አያቴም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ ልጄ» ትላታለች። ማንኛዋም ወተት ሻጭ ማንኛዋንም አሮጊት እንዲህ ነው የምትላት። ስለ ላሟ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። አንዳንዴ ባልየው በሌለበት አያቴ ጎመን ትቀነጥስላትና አርፍዳ ትመጣለች። ያን ቀን ፊቷ ይበራል። ብዙ ዓመት እንዲህ ሆነ። አባቴም አንድ ጊዜ ወተት ገዢ ሆኖ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ስለ እህቱ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አካሄዷ የእማን ይመስላል አለኝ። ሁለተኛ አልሄደም። እዚያ ቆሞ እንደ እንግዳ ሰላም ማለት እንዳቃተው ኋላ ነገረኝ።

አያቴ በመጨረሻ እግሯ አበጠና ተኛች። መሄድ ባቆመች በሳምንቱ ገደማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሴትየዋ እኛ ቤት መጣች። ቤታችንን እንዴት እንዳገኘችው አላውቅም። የያዘችውን ወተት ሰጠችኝና አያቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። ወተቱን ላፈላ ልወጣ ስል አያቴ በእጇ ቁጭ በይ አለችኝ። ምናልባት ምስክር ፈልጋ ይሆናል።

ሴትየዋ የአያቴን እግር በቅባት ታሸት ጀመር። ቀና ሳትል ነው የጠየቀቻት።

«ያኔ ሲወስዱኝ እርስዎ ለምን አልወጡም? በሩ ጋ ቆሜ ዞሬ አየሁ። ሌላው ሁሉ ወጥቶ ነበር።»

አያቴ ለመልስ አልዘገየችም። «እህል ቤት ቆልፈውብኝ ነበር» አለች። «እንዳልጮህ ብለው። አፌን በጨርቅ አስረውት ነበር። ስትሄጂ እሰማ ነበር።»

የሴትየዋ እጅ ቆመ። «እኔ እርስዎ የሰጡኝ መስሎኝ ነበር።»

«አልሰጠሁሽም።»

ሴትየዋ ግንባሯን አያቴ ጉልበት ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ አያቴ አላለቀሰችም፤ ፀጉሯን ስትዳስስ ቆየች። ያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሴትየዋ ዝም ያለችው ለልጇ ትዳር ብቻ አልነበረም። እናቴ ሰጠችኝ ብላ አምና ነው የኖረችው። አያቴ ደግሞ ልጇ ያፈረችባት መስሏት አንድ ቀን እንኳን ስለዚያ ዕለት ሳታነሳ ቀረች። በየማለዳው ስለ ዝናብ ሲያወሩ በኖሩበት ግቢ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊባል ይችል ነበር።

አያቴ በሳምንቱ አረፈች። አክስቴ፣ እንግዲህ አክስቴ ልበላት፣ ለቅሶው ላይ ከጎረቤት ሴቶች መሃል ተቀምጣ ነበር። እንደ ሟች ልጅ ደረቷን ልትመታ ስትነሳ አየኋት፤ ከዚያ ባሏን አየችና መልሳ ተቀመጠች። አንዲት የዕድር ሴት ሟች ምኗ እንደሆኑ ስትጠይቃት «ደንበኛዬ ነበሩ» ስትል ከኋላዋ ሆኜ ሰማሁ። አባቴና እሷ ከቀብሩ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ትንሽ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ በዓመት በዓል ይጠያየቁ ነበር፤ ለሰው ግን የድሮ ትውውቅ ነው የሚሉት። አባቴ ቀድሟት ሞተ። እሷም ከሱ በኋላ ብዙ አልቆየች። እርሻው ለኮንዶሚኒየም ሲፈለግ ልጆቿ እዚህም እዚያም ተበተኑ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ። ያኔ ታጭታ የነበረችው ልጅ፣ እንደኔው አርጅታ፣ ሁለት ሕንፃ አልፎ ትኖራለች። ዕድራችን አንድ ነው። ስንገናኝ እናቷ ለምን ያን ያህል ትወደኝ እንደነበር እንደማይገባት ትነግረኛለች። እኔ ፈገግ እላለሁ። አያቴ አባቴን ያስማለችው መሐላ እኔንም የያዘኝ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ግን ከዕድር ስብሰባ ስንመለስ ነገርኳት። ደረጃው ላይ ዝናብ ተጠልለን ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከፋን፣ እህል ቤቱን፣ ወተቱን። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«መጀመሪያ የመጣችሁ ቀን ጓዳ ነበርኩ» አለችኝ። «አጥሩ በር ላይ ያለችውን አልሰማሁም። ተሳስተዋል ስትላቸው ግን ሰምቻለሁ። እናቴ ውሸት ስትናገር ድምፅዋን አውቀዋለሁ።»

ቀስ በቀስ ራሷ ደርሳበታለች። ባሏንም በተጋቡ በዓመቱ ነግራዋለች፤ ታዲያ ምን ይሁን ነው ያላት። እናቷ እስክትነግራት ጠበቀች፤ እናቷ ሞተች። ከዚያ እኔን ጠበቀች።

«ሁላችሁም ዝም ያላችሁት ለእኔ ብላችሁ ነው» አለች። «እኔን ግን አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም።»

ዝናቡ ሲያባራ እስከ ሕንፃዋ ሸኘኋት።

በሳምንቱ የአያቴን መቃብር አሳይኝ አለችኝና ሀና ማርያም ሄድን። ድንጋይ አላቆምንላትም ነበር፤ ቦታው ላይ ሌሎች ተቀብረዋል። በዚህ በኩል ነው ብዬ ወደ አጥሩ ጠቆምኳት፤ ልክ መሆኔን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። እሷ ግን ወደ ጠቆምኳት ዞራ ተንበረከከችና መሬቱን ሳመች። ስትነሳ ክንዷን ደግፌ አነሳኋት። ስንወጣ፣ መልካቸው ምን ይመስል ነበር፣ እስክዳር ጓዳ ስለምውል በደንብ አላየኋቸውም አለችኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አካሄዷ ፈጠን ያለ ነበር አልኳት። ሌላም ልነግራት ስል ታክሲው መጣ። ሞልቶ ስለነበር እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ተለያይተን ተቀመጥን።