በማር የተደለለው ካርታ

የድሮው የቦንጋ ካርታ እንደገና ታትሞ ይሸጣል ሲሉ ሰምቼ አንዱን ገዛሁ። ስዘረጋው የትኩስ ቀለም ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ እኔን ግን የሸተተኝ ማር ነው።

ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት ክረምት፣ ሁለት ወጣት ቀያሾች ባለ ሦስት እግር መነጽራቸውን ተሸክመው፣ ጭቃችንን እያቦኩ ሰፈሩን ይለኩ ጀመር። ወዲያው «ካርታ ላይ የገባን ቤት መንገድ ይበላዋል» የሚል ወሬ ተነዛ። ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ መምህር ነበሩና ወሬውን ንቀው፣ ቀያሾቹን ራሳቸው እየመሩ ግቢያቸውን እስከ ሽንት ቤታቸው ድረስ አስለኩ። እናቴ ግን ያን ቤት ከሟች አባቴ ጋር ጭቃውን በእጇ መርጋ የሠራችው ነውና እንቅልፍ አጣች።

አንድ ቀን ዝናቡ ሲጠናባቸው ወደ ቤት አስገባቻቸውና ዘመዶቻችን ከደካ ገጠር የላኩትን የጫካ ማር ከነሰፈፉ አቀረበችላቸው። እኛ ልጆቿ ለዓመት በዓል ብቻ በጣታችን የምንልሰው ማር እንደ ዋዛ ሲያልቅ፣ በር ላይ ተደርድረን ምራቃችንን እንውጣለን። ጠግበው እጃቸውን ሲታጠቡ፣ የአፍ መፍቻዋ ካፊኖኖ በሚጫነው አማርኛዋ፣ «አደራ ልጆቼ፣ የእኔን ቤት አትጻፉብኝ» አለቻቸው። ተያዩ። አንደኛው ሳቀና ላጲስ አውጥቶ በእርሳስ የሳለውን ቤታችንን አጠፋው።

መንገዱ ኋላ በሌላ በኩል አለፈ። ቤቱንም ማንም አልነካው፤ እኛው ልጆቿ እስክንሸጠው ድረስ። አርጅታ ብቻዋን መኖር ሲያቅታት ወደ እኔ አመጣኋትና ቤቱን ሸጥነው፤ ገዢው አፍርሶ ፎቅ ሠራበት። አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አላስቀረንም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካርታው ላይ የጋሽ ወልዴ ሽንት ቤት ሳይቀር አለ፤ ከእሱ አልፎ፣ የእኛ ቤት የነበረበት፣ እስከ ወንዙ ባዶ ነው። የእናቴ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ሰምታ ምን እንደሆነ ነገርኳት፤ «ቤታችንስ?» አለችኝ። ጣቷን ይዤ ባዶው ቦታ ላይ አሳረፍኩና «ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ» አልኳት።

ቀስ ብላ ዳበሰችው።

«አይ እነዚያ ልጆች! ያን ሁሉ ማር በልተው፣ ጽፈውት ኖሯል!» አለች። ተቆጥታ ነበር። ጣቷን ግን ከቦታው አላነሳችም።