ከደወሉ አትራቁ

ጂራታ ከወለጋ ወደ ካማሺ የመጣው አዲሱ ክልል በተቋቋመ ማግስት ነው፤ ሥራው ለጉሙዞች ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማር። አንደበቱ ርቱዕ ነው፣ ጆሮው ግን የሚሰማው የወደደውን ብቻ። የካቶሊክ ሚሲዮኗ ሲስተር፣ የፊሊፒንስ ሰው፣ አንድ ቀን የአያቶቿን ታሪክ አጫወተችው። የስፔን መነኮሳት ታጋሎግ የሚባሉትን ወገኖቿን ከየእርሻቸውና ከየወንዛቸው ዳር እየለቀሙ ደወል በሚሰማበት ከተማ እንዳሰፈሯቸው፣ እምቢ ብሎ ጫካ የገባውንም አረመኔ ይሉት እንደነበር ነገረችው። እሷ ያወራችው እየቆጫት ነበር፤ ጂራታ ግን ዘዴ ተማርኩ ብሎ ተነሣ።

የሱ ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም የቀርከሃ ጎጆ። "ከደወሉ የራቀ ከእግዚአብሔር ራቀ!" እያለ እሑድ በመጣ ቁጥር ሰበከ። መሬት ሲደክም እርሻም መንደርም መቀየር የጉሙዝ ወግ መሆኑን ማን በነገረው! ቢነግሩትስ መች ይሰማል።

አንድ እሑድ ጠዋት ቸርኬውን ቢቀጠቅጥ ቢቀጠቅጥ ዝር ያለ ሰው የለም። ወደ መንደሩ ወርዶ ቢያይ ምድጃው ሁሉ ቀዝቅዟል። ሰዉ እህሉንም ፍየሉንም ይዞ ሄዷል። ጂራታ ተመልሶ ከቸርኬው ሥር መሬት ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ስንት የለፋበት ምእመን በገዛ ስብከቱ ተበተነ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ! "ምላሰኛ፣ አንተው አባረርካቸው" እያለ ራሱን ሰደበ። አላፈረም፣ አለቀሰ።

ፀሐይ ሳትበረታ ከቁልቁለቱ ዘፈን ተሰማ። የመንደሩ ሰዎች ወንድ ሴት ሳይቀር ግር ብለው መጡና ቸርኬውን ከዛፉ አወረዱ። የቤተ ክርስቲያኑንም ጣሪያ ከግድግዳው ይፈቱ ጀመር።

"ምነው አባቴ፣ ምን አጠፋሁ?" ሲል ጂራታ የመንደሩን ሽማግሌ ጠየቃቸው።

"መሬት ደከመ፣ እኛ ወንዝ ማዶ ሄደ" አሉ ሽማግሌው በተሰባበረ አማርኛ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። "አንተ ከደወል አትራቅ አለ። እኛ አይርቅም። ደወል ይዞ ይሄዳል።"

ጂራታ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣበት። እፎይ፣ ተመስገን! ደንጊያ የተጫነው ደረቱ ቅልል አለው። ትከሻውን ከጣሪያው ሥር ሊያስገባ ሲሮጥ ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

"አንተ ተወው፣ ዕቃህን ሰብስብ" አሉት። "ማዶ መጀመሪያ ያንተ ቤት ሠራ። የኛ ገና ነው።"