መሬቱ የከዳው ግንበኛ

ግንበኛውን የሥራ ባልደረቦቹ «ሊፍቱ» ነበር የሚሉት። ሊፍት የሚገባው ሕንፃው ሲያልቅ ነው፤ እሱ ግን ገና በጅምሩ ከታች እስከ ላይኛው ወለል ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ጠባብ ግድግዳ አናት ላይ ቆሞ ብሎኬት እየተቀበለ፣ እታች ካለው ሰው ጋር ይቀላለዳል። እወድቃለሁ የሚል ሐሳብ ሽው ብሎበትም አያውቅ።

አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ ጎኑን ሲያዞር ክፍሉ አብሮት ዞረ። ቁም ሣጥኑ፣ መስኮቱ፣ ሚስቱ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይነጉዳል። የአልጋውን ጠርዝ ጨምድዶ፣ «ያዢኝ፣ ልወድቅ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«የት ነው የምትወድቀው? ተኝተህ እኮ ነው!» አለችው ሚስቱ ግራ ገብቷት። ከዚያ አስመለሰው፤ አንጀቱ እስኪወጣ አስመለሰው።

ሐኪሙ መርምሮ፣ የታመመው የግራ ጆሮው ውስጠኛ ክፍል ነው አለ። የሰውን ሚዛን የሚጠብቀው እዚያ ውስጥ ነው፤ ኢንፌክሽን ገብቶ ጎድቶታል። «የተጎዳው አይመለስም። ግን አእምሮህ በደህናው ጆሮህ፣ በዓይንህና በእግርህ ታግዞ መቆምን እንደ አዲስ ሊማር ይችላል» ብሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከው።

እዚያ የተቀበለችው በዕድሜ ልጁ የምትሆን ወጣት ባለሙያ ናት። አውራ ጣቱን ፊት ለፊቱ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ከጣቱ ሳይነቅል ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እንዲያዞር ነገረችው። ገና ሲጀምር ጣቱ ሁለት ሆነ፣ ወለሉ ተናጠ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አዞረኝ!»

«ማዞር አለበት ጋሼ። ትንሽ ካላዞረዎት አእምሮዎ አይለምድም።»

«ልድን መጥቼ ልታመም ነዋ!»

ሳቀች። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም።

ሚስቱ ፀጉር ቤቷን ከመክፈቷ በፊት ጠዋት ጠዋት ታሠራዋለች። ጭንቅላቱን እያዞረ ኮሪደሩ ላይ ይራመዳል፤ ስፖንጅ ላይ ወጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘምማል፤ ትከሻው ግድግዳውን እየፋቀ ቀለሙን አስለቀቀው። ከሁሉ የከፋው ግን የጭንቅላቱ ነገር ነበር። ወሬ ጀምሮ መሃል ላይ ይጠፋበታል፤ የሚያውቀው ሰው ስም ምላሱ ላይ ይቀራል። «አእምሮዎ ቀኑን ሙሉ እንዳይወድቁ ሲጠብቅ ስለሚውል ለሌላው ጉልበት አይተርፈውም» አለችው ወጣቷ። ገባው። መግባቱ ግን አላጽናናውም።

አንድ ማለዳ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ፣ መንገድ ሲሻገር ተንገዳግዶ አንዲት ሴት ላይ ተደገፈ። ሴትየዋ ገፍትራው፣ «በዚህ ጠዋት! አታፍርም?» አለችው። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ዳቦውን ሳይገዛ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ብቻውን መውጣት ተወ።

ወራት ካለፉ በኋላ ኮሪደሩን ግድግዳ ሳይነካ ጨረሰው። ሚስቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱም ልቡ ተነሳሳና፣ እሷ ሥራ ስትሄድ ጠብቆ፣ ግንብ ግንቡን እየታከከ ወደ ሕንፃው ሥራ ሄደ።

ፎርማኑ የሚስቱ ወንድም ነው። «አንተ፣ ማን ላከህ?» አለው።

«አየር ልቀበል ነው» ብሎ ሸነገለው።

ፎርማኑ ሲሚንቶ ሊረከብ ዞር ሲል የብረት መወጣጫው ላይ ወጣ። እጁም እግሩም አልረሱም። ሁለተኛው ወለል ላይ ሲደርስ ከኋላው አንዱ፣ «ሊፍቱ መጣ!» ብሎ ጮኸ። በደስታ ዞር አለ። ያኔ ሰማዩ ከታች፣ መሬቱ ከላይ ሆነበት። ብረቱ ላይ ሙጭጭ አለ፤ ዓይኑን ቢጨፍን ባሰበት። ፎርማኑ ሮጦ ወጥቶ ጣቶቹን ከብረቱ አላቀቀና በገመድ ከራሱ ጋር አስሮ አወረደው። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለው ነበር።

«እህቴን ጥቁር ልታለብሳት ነው?» አለ ፎርማኑ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የዕቃ ቤቱን ሥራ ያዝ። ቁጭ ብለህ ነው የምትሠራው» አለው። እሱ ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ ወደ ቤቱ አመራ።

በቀጠሮው ወጣቷን በቀጥታ ጠየቃት። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ግድግዳ አናት ላይ ተመልሼ እቆማለሁ?»

እጇን እያየች መለሰችለት። «ሜዳ ላይ ከዚህም የተሻለ ይራመዳሉ ጋሼ። ከፍታ ላይ ግን... አልዋሽዎትም።»

ጠዋት ጠዋት አውራ ጣቱን መዘርጋቱን አልተወም። የሚሠራው ግን ለሚስቱ ብሎ ነው፤ እሷ ከሄደች በኋላ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ኮርኒሱን ሲያይ ይውላል።

አንድ ምሽት የሳሎኑ አምፖል ተቃጠለ። ወንበር ስቦ አንድ እግሩን ሰቀለ። ሚስቱ አዲሱን አምፖል ከእጁ ወስዳ፣ ጫማዋን አውልቃ ወጣች። እሱ የወንበሩን እግር ያዘ።

«ይዘኸኛል?» አለች ከላይ።

ቀና ብሎ ሊያያት ሲል ጨለማው ዞረበት፤ አንገቱን ደፋ።

«ይዤሻለሁ» አላት።